ወራጅ ማለት ያቃተኝ ሰሞን

ሮቤ ትልቅ ከተማ ናት ስል አዲስ አበባ ያደጉት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ሮቤን ከጎባ ተነሥተው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ጥግ ተጣብቀው አላዩዋትም። የስንዴው ማሳ ያልቅና መጀመሪያ ጋራዦቹ ይመጣሉ። ከዚያ የብሎኬት ክምር፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ የፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ ሰማይ የሚታይባቸው የመስታወት ሕንፃዎች። ፈረሱ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ሲያይ ጆሮውን ያቆማል። እኔም ያን ሰሞን ከፈረሱ ብዙም አልሻልም ነበር።

አብሬያት የምኖረው አክስቴ ግን ሮቤን ከተማ አትላትም። «ከተማ ማለት ጎባ ነው» ትላለች። «ሮቤ ገበያ ነው። ገበያው ሰፋና ሰው ከተማ አለው።» እዚያ ሥራ ማግኘቴን ስነግራት እንኳን «ገበያ ልትውዪ ነው በይኛ» ነበር ያለችኝ።

ሥራው የመዝገብ ክፍል ሠራተኛነት ነው። ማስታወቂያውን ሳነበው ልቤ ዘለለ። ፋይል አይጮህም፣ ፋይል «ምን አልሽ? ድገሚው!» አይልም። አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጄን ሳላወጣ፣ በጽሑፍ ብቻ ተመርቄ ለወጣሁ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የሙከራ ጊዜዬን መጨረስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

የቢሯችን መግቢያ ላይ የፊርማ መዝገብ አለ። ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከቢሯቸው ይወጣሉ፤ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፤ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር ማስመሪያ አጋድመው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በታች የፈረመ ሰው ዘግይቷል። ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን ይወቀሳል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን ሦስት ጊዜ ከቀዩ በታች ከወረደ ይሰናበታል። የመጀመሪያ ቀን ይህንን ሲያስረዱኝ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። «ሁለቴ ማንም ይዘገያል» አሉኝ። «ሦስቴ ግን ጠባይ ነው።»

እኔ ደግሞ እንቅልፍ አላስቸገረኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ መናኸሪያ ከመኪናው በፊት እደርሳለሁ። ችግሬ አንዲት ቃል ናት። ሚኒባስ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ አለበት። ካልጮኸ መኪናው አይቆምም። ሙዚቃውን፣ የሹፌሩን ክርክርና የአሥራ አምስት ሰው ወሬ ሰንጥቆ የሚያልፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ቢሮዬ ያለው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። እዚያ ያልወረደ ሰው ከተማውን አቋርጦ እስከ ሮቤ መናኸሪያ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቀን ወፍጮ ቤቱን ከሩቅ ሳየው ቃሉን አዘጋጀሁ። ቃሉ ከሆዴ ተነሣ፣ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፣ ሰው መብዛቱን አየና እዚያው ተቀመጠ። እንደምንም ገፋሁትና፣ «ወራጅ...» አልኩ፣ ወደ ጉልበቴ አቀርቅሬ።

አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዞር አለ። «ምን አልሽኝ?»

«ምንም።»

ሰውዬው በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ፤ ወፍጮ ቤቱም በመስኮቱ አለፈ። ከመናኸሪያ እየሮጥኩ ተመልሼ ስፈርም የመጀመሪያው ቀይ መስመር ከበላዬ ነበር። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። ሳቋ ጎረቤት ጠራ። «ጉድ ነው!» አለች። «ቅድመ አያትሽ ከሸዋ ስንት ወር በእግሩ ተጉዞ ጎባ ሲሰፍር፣ አንዱ ሰፋሪ ከአንዱ በሸንተረር ተራርቆ ነበር ድንኳን የተከለው። ጠዋት ጠዋት ከኮረብታ ኮረብታ 'እገሌ! በብርድ አልሞትክም?' 'አለሁ! አንተስ?' እየተባባሉ ነው አገሩን ያቀኑት። በጩኸት የተተከለ ቤተሰብ ነው የእኛ! አንቺ አንዲት 'ወራጅ' አቃተሽ?»

አክስቴ ስታወራው አገሩ ባዶ የነበረ ይመስላል። ባዶ እንዳልነበረ እሷም ታውቃለች፤ ተረቱ ሲጣፍጣት ግን ትረሳዋለች። እኔም ያን ማታ ስለ ታሪክ ለመከራከር የሚሆን ድምፅ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ስገባ ለረዳቱ ቀስ ብዬ ወፍጮ ቤት እንዲያወርደኝ ነገርኩት። ረዳቱ ጢማም፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ደግነቱ እንደ ድምፁ ልክ የለውም። «ችግር የለም የኔ እናት!» አለና ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ስሙኝ! ይህች ልጅ ወፍጮ ቤት ወራጅ ናት! ራሷ መጥራት አትችልም! ብረሳ አስታውሱኝ!» አሥራ አምስት ራስ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት እናት ጉንጬን ዳሰሱኝና «ምን ነካት? ጉሮሮዋን ነው?» ብለው ጠየቁ። በሰዓቱ ደረስኩ፤ ግን ዳግመኛ ከምነግረው መናኸሪያ ድረስ በእንብርክኬ ብሄድ እመርጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብልሃት አገኘሁ። ወፍጮ ቤት የሚወርድ ሰው ፈልጎ አጠገቡ መቀመጥ! እሱ ሲጠራ እኔም ተከትዬ እወርዳለሁ። ይህ ብልሃት ሰው ማንበብ አስተማረኝ። የከተማ ሰው የት እንደሚሄድ ፊቱ አይናገርም፣ እጁ ግን ይናገራል። የላስቲክ ፋይል ይዞ ጉርድ ፎቶውን በየደቂቃው የሚቆጥር ሰው የእኛ ቢሮ ባለጉዳይ ነው፤ ወርቅ ነው፣ አይለቀቅም። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን የጨፈነ ወደ አጋርፋ የሚሄድ ነው፤ ከመናኸሪያ በፊት አይነቃም። ከሪራ መንደር ማር ያመጡት ጄሪካናቸውን በሁለት እግራቸው መሀል ይዘው መኪናው በነጠረ ቁጥር «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ፤ የሚወርዱት ገበያ ነው። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ባንክ፣ አዲስ ጫማውን በፌስታል የያዘ ደግሞ ወደ ሠርግ። «መጽሐፍ ሆኖ ቢጻፍ» እላለሁ ለራሴ፣ ደስታው እያሳቀኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ተሳሳትኩ። በአራት ሴቶች እጅ ላይ ወረቀት አየሁና ባለጉዳይ ናቸው ብዬ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ከወፍጮ ቤቱ ትንሽ ቀደም ብሎ አንደኛዋ «ወራጅ!» አሉ። ቅርብ ነው ብዬ አብሬ ወረድኩ። ወረቀቱ የለቅሶ ቤቱ አድራሻ ኖሯል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ አንዷ ክንዴን ያዙኝና «አይዞሽ፣ በርቺ» አሉኝ። «እኔ እንኳ ከእናንተ ጋር አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። እንዴት ተደርጎ ይባላል? በሰው ሐዘን ላይ? እየተደጋገፍን ድንኳን ገባን። ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፤ በላሁ። ሟች ደግ ሰው እንደነበሩ ሲነገር ከልቤ አለቀስኩ፤ በእርግጥም ደግ ነበሩ፣ በዚያ ላይ ሰዓቱ ሁለት ተኩል አልፎ ነበር። ስወጣ የሟች ልጅ እስከ በር ሸኝቶኝ፣ «ስለደከምሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

ሁለተኛው ቀይ መስመር። ኃላፊዋ ዓይኔ ማበጡን አይተው ሁለት ጣታቸውን ብቻ አሳዩኝ።

ሐጂን ያገኘኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ ከጎባ የሚሳፈሩ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ በምትገኝ አንዲት ክፍል የፈረስ ኮርቻ የሚሰፉ። ነጭ ኮፍያ፣ ረጅም ዱላ፣ እንደ ደወል ያለ ድምፅ። እንደ እኔው ቀድመው ስለሚመጡ የመጨረሻውን ወንበር አብረን ያዝን። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ነጋ፣ ሐጂ» እላለሁ፤ ሰላም ነው ማለቴ ነው። ወሬያችን ይህችው ናት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ግን ሐጂ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጉና፣ «ወራጅ አለ!» ይላሉ። መኪናው ቀጥ! ደግፌ አወርዳቸዋለሁ፤ እሳቸው «ገለቶሚ» ብለው ያመሰግኑኛል፣ በሁለት ቋንቋ ይመርቁኛል። ማመስገን ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ እንዴት እንደምጀምረው ግን አላወቅሁም። አንድም ቀን አልዘገየሁም። የፊርማ ወረቀቱ ላይ ስሜ እየወጣ እየወጣ ከቀዩ መስመር እጅግ ርቆ፣ ከጥበቃው ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። እንደ ሰከረ ሰው ብቻዬን እስቅ ነበር።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጉሙ መጣ።

የባሌን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም ያወቀ እንዳይመስለው። ከሳነቴ ተራራ ይወርድና ከተማውን አንሥቶ ኪሱ ይከታል። ያን ጠዋት ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ይነዳ ነበር። ውስጡ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል። መስታወቱን በሻርቤ ጠረግሁት፤ ከውጭም ነጭ ነው። ሰዓቴ ሁለት ከዐሥር ይላል። የት እንደደረስን የሚነግረኝ አንድም ነገር የለም። ምንም ሳልነቃነቅ ሐጂን አየሁ። ሐጂ ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ሁለት ከዐሥራ አምስት። ሐጂ ዝም። ሁለት ከዐሥራ ሰባት። ሐጂ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ጎንበስ አሉልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ራቀ እንዴ?»

«እኔ እንጃ፣ ሐጂ። እርስዎን እየጠበቅሁ ነው።»

«እኔን? እኔ ደግሞ አንቺን እየጠበቅሁ ነው!»

«የሚጠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የምጠራው ስትነግሪኝ አይደል?»

«መቼ ነግሬዎት አውቃለሁ?»

«በክርንሽ ነዋ!» አሉ፣ ጎናቸውን እየዳሰሱ። «ወፍጮ ቤቱ ሲቃረብ ቦርሳሽን ትጎትቻለሽ፤ ክርንሽ ጎኔን ይነካኛል። እኔም እጠራለሁ። ዓይኔ ሞራ ገብቶበት ከሩቅ አያይም። ኮርቻውን በጣቴ ነው የምሰፋው። ይህች ጨዋ ልጅ ሽማግሌ እንዳታሳፍር በዝምታ ትነግረኛለች ብዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ መረቅሁሽ። እሑድ እሑድ አንቺ ሳትኖሪ ስንቴ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ!»

አየኋቸው። ያልገባኝ ነገር ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ እሳቸው በእኔ ዓይን፣ እኔ በእሳቸው አፍ ነበር የምንወርደው። ዛሬ ጉሙ ዓይኔን ወሰደው፤ ስለዚህ የእሳቸውም አፍ ተዘጋ። መኪናውም ሁለታችንን ይዞ ወደማናውቀው ይሄዳል። ሦስተኛው ቀይ መስመር ማስመሪያው ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሐጂ ደግሞ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ በሙሉ እምነት፣ ክርኔን እየጠበቁ ነው።

ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ወራጅ አለ!!»

ከወንበር ሥር እግሯን ታስራ የነበረች ዶሮ ጮኸች። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው፤ ሰው ሁሉ አንድ ወንበር ወደፊት ሄዶ ተመለሰ። «ማን ሞተ?!» አለ ሹፌሩ።

ረዳቱ ጢሙን ይዞ አፍጥጦ አየኝ። «የኔ እናት!» አለ። «ይሄን ሁሉ ድምፅ የት ደብቀሽው ነው?»

ወረድን። መኪናው ሁለት ሜትር ሄዶ ጠፋ። ዙሪያችን ነጭ ነው። አንድ ባሕር ዛፍና የታሰረ ፈረስ ብቻ ይታያል። ፈረሱም የት እንዳለ የሚያውቅ አይመስልም።

«ወፍጮ ቤቱ የለም» አልኩ።

«ዝም በይ» አሉ ሐጂ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። እኔም ሰማሁ፤ ከሩቅ፣ ከፊት ለፊት፣ የወፍጮው ሞተር ዱግ ዱግ ይላል። «አላለፍነውም። ገና አልደረስንም። ቸኩለሽ ነው የጮህሽው» አሉና ሳቁ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ከሃያ። ሁለት ተኩል ላይ ካልፈረምኩ ከሥራ እባረራለሁ፣ ሐጂ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ! እኔን ተዪኝ!»

ብሮጥ እደርሳለሁ፤ አስልቼዋለሁ። ግን መንገዱ ዳር ቦይ አለ፣ ጭቃ ነው፤ ጋሪዎች ከጉሙ ውስጥ ሳይታሰቡ ብቅ ይላሉ። ሁለት እርምጃ ሮጥኩ። ዞር ስል ሐጂ በዱላቸው አየሩን እየዳበሱ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው፣ በተሳሳተ አቅጣጫ በልበ ሙሉነት ሲራመዱ አየኋቸው። ተመልሼ እጃቸውን ያዝኩ።

«አልሄድሽም?»

«በዚያ በኩል ስንዴ ነው፣ ሐጂ።»

ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ በላው። ቸኮል እያልን፣ እየተንሸራተትን፣ እየተያያዝን ሄድን። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ለማሳረፍ ብዬ አክስቴ የምታወራውን፣ ከኮረብታ ኮረብታ የተጯጯሁትን ሰፋሪዎች ነገርኳቸው። እንዲህ ረጅም ወሬ ለሰው አውርቼ አላውቅም። ሐጂ ቆሙ። ዱላቸውን ተከሉ።

«በማዶው ኮረብታ ማን እንደነበረ አክስትሽ አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም።»

«የእኔ ቅድመ አያት ነበራ! ከብቶቹን ይዞ። 'እነዚህ ሰዎች በየጠዋቱ የሚያስጮኻቸው ምንድን ነው? ላሞቼ ወተት ከለከሉ!' ይል ነበር ይባላል። ለአክስትሽ ንገሪያት፤ የወተቱን ካሳ ገና አልተቀበልንም።»

እዚያው መንገድ ላይ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ሥራዬን ላጣ ነው፤ እኔ እስቃለሁ።

ኮርቻ ቤታቸው በር ላይ አድርሻቸው ቢሮ ስደርስ ሁለት ተኩል አልፎ አራት ደቂቃ ሆኗል። ቀዩ መስመር ተሰምሯል። ኃላፊዋ ማስመሪያውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል። ጫማዬን አዩ፣ ጭቃ የሆነ ቀሚሴን አዩ። ሦስት ጣት አነሡ።

«ምክንያት አለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የለኝም» እል ነበር። ያን ዕለት ግን ጉሮሮዬ ተከፍቶ ነበር፣ መዝጊያውንም አላገኘሁትም። ሁሉንም ተናገርኩ። ወራጅ ማለት እንደማልችል፣ ስለ ላስቲክ ፋይሉ፣ ስለ ለቅሶ ቤቱ፣ ስለ ሐጂ ዓይንና ስለ ክርኔ፣ ስለ ዶሮዋም ጭምር። ንፍሮው ላይ ስደርስ የኃላፊዋ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። «ደግሞ አለቀስሽ?» አሉ። «ከልቤ» አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግንባራቸውን መዝገቡ ላይ ደፉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ድምፃቸው ግን እንደ ማስመሪያቸው ቀጥ ያለ ነው።

«ቀይ መስመር አይሰረዝም። ደንብ ነው።»

«ይገባኛል።»

«ግን መዝገቡ ላይ 'አስተያየት' የሚል ዓምድ አለ። እስከ ዛሬ ጽፌበት አላውቅም።» በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ። ስልሳ የሚሆን ባለጉዳይ በጉሙ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። «ተራ የሚጠራው ሰው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። ያውልሽ ዝርዝሩ። በረንዳው ላይ ቆመሽ ጥሪ። እኔ ቢሮዬ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። የምሰማውን ነው የምጽፈው።»

በረንዳው ላይ ወጣሁ። ስልሳ ፊት ቀና አለ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ፤ በተቻለኝ ሁሉ ጠራሁት፣ ከአጥሩ ወዲያ የነበረ ጋሪ ቆመ። ባለ ስሟ አሮጊት እግሬ ሥር፣ ከደረጃው አጠገብ ቆመው ኖሯል። ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ኧረ ቀስ፣ ልጄ! እዚሁ ነኝ!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጠራሁ፣ ሦስተኛውን፣ ዐሥረኛውን። «አቤት!» ይላል አንዱ ከጉሙ ውስጥ፤ ከዚያ ራሱ ከጉሙ ይወጣል። ስም ስጠራ ሰው እየፈጠርኩ መሰለኝ። ሠላሳኛው ላይ ወረቀቱን በአንድ እጄ ብቻ ይዤው ነበር፤ ሌላውን መቼ እንደለቀቅሁት አላስተዋልኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ መዝገቡን ገልጬ አየሁ። ከቀዩ መስመር በታች፣ ከስሜ አጠገብ፣ በባዶው ዓምድ ላይ በጥንቃቄ ተጽፏል፦ «የሠራተኛዋ ድምፅ በተዘጋ በር ይሰማል። በቋሚነት ትቀጠር።»

ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላዬ ተራ ጠሪው፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ትኩስ ሻዩን በሁለት እጁ እንደያዘ መጣ። ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አነበበ፤ ዝርዝሩ እጄ ላይ መሆኑንም አየ። ፊቱ በራ።

«እህቴ» አለኝ፣ በሻከረ ድምፅ፣ በጣም ደስ ብሎት። «ይሄ ጉንፋን ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»